ማመልከቻ አቤቱታ አይደለም

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራሁት ሠራተኛ በመቅጠርና በማስተዳደር ሥራ ላይ ነው። ስጀምር ክፍላችን «ፐርሶኔል» ይባል ነበር፤ ጡረታ ስወጣ «የሰው ሀብት አስተዳደር» ሆኗል። የክፍሉ ስም ተቀያየረ እንጂ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ የሚቆለለው ማመልከቻ አልተቀየረም። ለአንድ ጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛ ቦታ ሦስትና አራት መቶ ሰው ሲያመለክት አይቻለሁ። ከእነዚያ ውስጥ ብዙዎቹ ጎበዝ ልጆች ነበሩ። ደብዳቤያቸው ግን ጉብዝናቸውን ትቶ ችግራቸውን ይናገር ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ከልቤ ስላልወጣ ነው የምጽፍላችሁ።

እኔም ከዚያው ነው የተነሣሁት። በ1980 ዓ.ም. ስመረቅ ሥራ ማመልከት የሚባለውን ነገር አላውቀውም ነበር። በደርግ ጊዜ ተመራቂ በመንግሥት ይመደባል፤ ስሙን ከተለጠፈው ዝርዝር ፈልጎ ወደ ተመደበበት ይሄዳል። መንግሥት ተለውጦ፣ እኔም የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት ሲታጠፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ማመልከቻ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። እንዴት እንደሚጻፍ ያስተማረኝ ስላልነበረ የማውቀውን ጻፍኩ። የማውቀው ደግሞ ራፖር ጸሐፊዎች በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ለባለጉዳይ የሚጽፉትን ነበር። «በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» ብዬ ጀመርኩ፤ ስንት ቤተሰብ እንደማስተዳድር ዘረዘርኩ፤ «ችግሬ ታይቶልኝ» ብዬ ጨረስኩ። ስድስት ቦታ አስገባሁ። አንዱም አልጠራኝም።

አንድ ቀን የቀድሞ አለቃዬን መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ደብዳቤውን አሳየኋቸው። ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡትና «ይህ ሰው ምን መሥራት ይችላል?» አሉኝ። ደብዳቤው ላይ መልሱ አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ የሦስት መቶ ሠራተኞች ፋይል ይዤ፣ የዓመት ፈቃድና የደረጃ ዕድገት መዝገብ እየሠራሁ ቆይቼ አንዷንም አልጻፍኳትም ነበር።

በቋንቋችን ለፍርድ ቤት የሚገባውም፣ ለቀበሌ የሚገባውም፣ ለሥራ የሚጻፈውም «ማመልከቻ» ነው የሚባለው። ግራ የሚያጋባን አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል። አቤቱታ አቅራቢ በደሉን ይናገራል፤ የሚሰማውም ሰው እንዲፈርድለት ይለምናል። ሥራ ፈላጊ ግን የተበደለ ሰው አይደለም። ድርጅቱ ራሱ ነው ሰው ጎደለኝ ብሎ ገንዘብ ከፍሎ ማስታወቂያ ያወጣው። «አመለከተ» የሚለውም ቃል ከመለመን በፊት ጠቆመ፣ አሳየ ማለት ነው። ከእናንተ የሚፈለገው ያንን የጎደለ ሥራ ስትሠሩ ማሳየት ነው።

ደብዳቤያችሁ የሚገባበትን መንገድ ብታውቁት አጻጻፋችሁ ይለወጣል። ማስታወቂያው ሲዘጋ አንድ ሠራተኛ ማመልከቻዎቹን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል፤ ከፊቱ ሰንጠረዥ አለ። የትምህርት ደረጃ፣ የትምህርት መስክ፣ የሥራ ልምድ፣ ማስታወቂያው የጠየቀው ሌላ ነገር ካለ እሱም። በየዓምዱ ምልክት እያደረገ ያልፋል። እዚህ ላይ የሚጣል ሰው ብዙ ጊዜ የሚጣለው ሳይመጥን ቀርቶ አይደለም፤ መመጠኑን የሚያሳየው ነገር ተቀብሮ ነው። ማስታወቂያው «በአካውንቲንግ ወይም በተመሳሳይ» ብሎ የእናንተ ዲፕሎማ ሌላ ስም ካለው፣ ተመሳሳይ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናንተ ንገሩት፤ እሱ ቁጭ ብሎ አያመሳስልላችሁም። ከሰንጠረዡ ያለፉት ወደ ቅጥር ኮሚቴው ይሄዳሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከዚህ በኋላ የሚወስነው በአብዛኛው የጽሑፍ ፈተናውና ቃለ መጠይቁ ነው። በግል ድርጅትና በእርዳታ ድርጅቶች ግን ደብዳቤው በትክክል ይነበባል። ሥራውን የሚያሠራው የክፍል ኃላፊ ራሱ ያነበዋል፤ የሚፈልገውም አንድ ነገር ነው፦ ሰኞ ጠዋት ይህን ሰው ባስቀምጠው ምን ያግዘኛል?

እስቲ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ለንብረት ክፍል ሠራተኛ ቦታ ከሚመጡት ደብዳቤዎች ግማሹ እንዲህ ይላል፦ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችልና የሥራ ጫናን የምቋቋም በመሆኔ ቦታው ቢሰጠኝ በሚገባ የምሠራ መሆኔን አረጋግጣለሁ።» ይህን ማንም ስለ ማንም ሊጽፈው ይችላል። አሁን ይህን አንብቡ፦

«በ2015 ዓ.ም. በአካውንቲንግ በዲግሪ ተመርቄአለሁ። በኢንተርንሺፕ ጊዜዬ በአንድ መጋዘን ለሁለት ወር ሠርቻለሁ። የገባውን ዕቃ በሞዴል 19፣ የወጣውን በሞዴል 22 እየመዘገብኩ ወደ ስቶክ ካርድ አሳልፍ ነበር። በሰኔ ቆጠራ በካርዱና በመደርደሪያው መካከል ልዩነት ሲገኝ እንዲያጣሩ ከተመደቡት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ማስታወቂያችሁ ዓመታዊ ቆጠራ የሚያግዝ ሰው ስለሚፈልግ ይህን ልምዴን ላሳውቃችሁ ወደድኩ።»

ታታሪ ነኝ አላለም። መጋዘን ውስጥ የቆመ ሰው መሆኑን ግን የንብረት ቅጾቹን ሞዴል 19ንና ሞዴል 22ን የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ያየዋል። የሙያው ቃል ምስክር ነው። ስለ ሂሳብ ሶፍትዌርም ስትጽፉ «ፒችትሪ እችላለሁ» ከማለት «የአንድ አነስተኛ ድርጅትን የስድስት ወር ሂሳብ ፒችትሪ ላይ አስገብቼ ከባንክ ስቴትመንት ጋር አመሳክሬአለሁ» ማለት ይሻላል፤ ካደረጋችሁት ብቻ። ያላደረጋችሁትን ብትጽፉ በፈተናው ቀን ኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጣላችሁ።

«ዜሮ ዓመት» ተብሎ ለወጣ ቦታ የምታመለክቱ፣ ምን እጽፋለሁ የምትሉ፣ ለእናንተ አንዲት ልጅ ላንሳላችሁ። ከኮሌጅ በወጣች በዓመቷ ነው ያመለከተችው። ደብዳቤዋ ላይ ስለ እናቷ ሱቅ ጻፈች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የዱቤ ደብተሩን የያዘችው እሷ ናት። ቀድሞ ሁሉም በአንድ ላይ ይጻፍ ስለነበር ወር ሲደርስ ማን ስንት እንዳለበት ለማወቅ ቀኑን ሙሉ ይፈጅ ነበር፤ እሷ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ገጽ ከፍታ የከፈለውንና የቀረበትን ለየብቻ መያዝ ስትጀምር በአንድ ሰዓት ያልቅ ጀመር። ከኮሚቴው አንዱ «ይህ የሥራ ልምድ አይደለም» አለ። ልክ ነው፣ እንደ ልምድ አይቆጠርም፤ ልምድም አልተጠየቀም ነበር። የሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ ግን ደብዳቤውን ደግመው አነበቡትና «ይህቺ ልጅ ተሰብሳቢ ሂሳብ ገብቷታል» አሉ፤ ከደንበኛ ገና የሚሰበሰበውን ገንዘብ ማለታቸው ነው። ለፈተና ተጠራች፤ በፈተናውም አለፈች። የዕድር ጸሐፊነት፣ የዕቁብ ሰብሳቢነት፣ በግቢ ጉባኤ ወይም በክበብ ገንዘብ መያዝ፣ የአጎት ጋራዥ ውስጥ መለዋወጫ መቁጠር፣ እነዚህ ሁሉ ሥራዎች ናቸው። አታፍሩባቸው። ምን እንዳደረጋችሁ በቁጥርና በተግባር ጻፉት።

ርዝመቱ ከአንድ ገጽ አይለፍ። በቀኝ በኩል ቀን፣ ከዚያ «ለ» ብላችሁ የድርጅቱን ሙሉ ስም፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ፦» ብላችሁ የሥራ መደቡን መጠሪያ ማስታወቂያው ላይ እንዳለ ጻፉ፤ የማስታወቂያ ቁጥር ካለው እሱንም። የድርጅቱን ስም ደግማችሁ አንብቡ። የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ሄዳችሁ ቀድሞ የተዘጋጀ ደብዳቤ ላይ ስማችሁን ብቻ አስቀይራችሁ ስታትሙ፣ ከላይ የእኛ ስም፣ መሐል ላይ የሌላ ድርጅት ስም ሆኖ ይመጣል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያነብ ሰው የለም።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ደግሞ ብዙ ልጆችን ሲጎዳ አይቻለሁ። በእንግሊዝኛ በምትጽፉት ደብዳቤ ላይ «የተመረቅሁት በ2015» ብላችሁ ካለፋችሁ አንባቢው የአውሮፓውያን 2015 አድርጎ ይወስደውና ለሰባትና ስምንት ዓመት ምን ሲሠሩ ነበር ብሎ ይጠይቃል። በየቀኑ አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ይኑር፤ በአንድ ደብዳቤ ውስጥም ሁለቱን አትቀላቅሉ። በአማርኛ ጽፋችሁ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጉት። በድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል።

ሥራ ይዛችሁ ሌላ የምታመለክቱ ልጆች፣ የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ከደብዳቤው ጋር እኩል ተጨነቁበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ ወይም ውሉ ሲቋረጥ አሠሪው የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። መብታችሁ ነው፤ ተለማምጣችሁ የምትቀበሉት ነገር አይደለም። ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ተጠቅሶ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ብዙ ማስታወቂያዎች ይህን በግልጽ ይጠይቃሉ፤ ይህች አንዲት መስመር ጎድላ የሦስት ዓመት ልምድ ሳይቆጠር የቀረበት ሰው አውቃለሁ።

«ዘመድ ለሌለው ደብዳቤ ምን ያደርጋል?» የምትሉኝን እሰማለሁ። በዘመድ የሚቀጠር የለም ብዬ አልዋሻችሁም፤ አይቼአለሁ፤ ስቃወም የከፈልኩትም ዋጋ አለ። ነገር ግን ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ለማያውቁት ልጅ የሚከራከሩ ሰዎችንም አይቻለሁ። እነዚያ ሰዎች የሚከራከሩት በእጃቸው በያዙት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ «ችግሬ ታይቶልኝ» የሚል ብቻ ካለ ምን ብለው ይከራከሩላችኋል? «ይህ ልጅ የመጋዘን ቆጠራ ሠርቷል፣ የእናንተ ሰው ሠርቷል ወይ?» እንዲሉ መያዣ ስጧቸው።

ቅርብ ጊዜ ደግሞ ደብዳቤውን በስልክ ላይ ባለ ቻትጂፒቲ የሚያስጽፉ ልጆች በዝተዋል። የቋንቋ ስሕተት ለማረም ከሆነ ይረዳችኋል። ሙሉውን ካስጻፋችሁት ግን ከእናንተ ጋር ያመለከተው ሰውም እሱኑ ስለሚጠይቅ ለቀጣሪው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይደርሰዋል። የእናታችሁን የዱቤ ደብተር እሱ አያውቀውም።

የመጨረሻው ስለ ስልክ ቁጥር ነው። ሁለት ቁጥር ጻፉ፤ ሁለተኛው ቤት ውስጥ የማይጠፋ፣ መልእክት የሚቀበል ሰው ይሁን። ያመለከታችሁበትን ድርጅት ስም ለዚያ ሰው ንገሩት፤ ደውለን «ተሳስታችኋል» ተብለን የዘጋንባቸው ጊዜያት አሉ። ሲም ከቀየራችሁም ያስገባችሁበት ቦታ ሄዳችሁ አስለውጡ። በፈተና አንደኛ የወጣ አንድ ልጅ ነበረን። ሦስት ቀን ደወልንለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። በአራተኛው ቀን ለተጠባባቂው ደወልን። ልጁ በሳምንቱ ራሱ መጣ፤ ቦታው ግን ተይዞ ነበር።