«መበስበስ» ይባላል እንዴ?

ጥያቄ፦ የማስተርስ ጽሑፌን ርዕስ ወደ አማርኛ ብመልሰው የትርጉም ማሽኑ «ክብደት ባላቸው የተግባር ቦታዎች ባልተወሰኑ ጎራዎች ላይ የቬክተር መስኮች መበስበስ» አለኝ። ምን ላድርገው?

መልስ፦ መጀመሪያ «መበስበስ»ን (ማሽኑ «decomposition»ን የመለሰበትን) ያውጡልን። የሚበሰብሰው ቅጠልና ሬሳ ነው። «መክፈል»ም አይሆንም፤ ዳቦ ሲከፈል እያንዳንዱ ቁራሽ ከሙሉው ያንሳል። እዚህ ግን አንዱ የቬክተር መስክ (እንደ ንፋስ በየቦታው መጠንና አቅጣጫ ያለው ነገር) የሁለት መስኮች ድምር ሆኖ ነው የሚጻፈው፤ አንዱ ግራዲየንት (የአንድ መጠን ለውጥ በየቦታው ወዴትና ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ)፣ ሌላው ዳይቨርጀንሱ (ከየነጥቡ የሚወጣው ሲቀነስ የሚገባው) ዜሮ የሆነ። ዋናው መስክ ዜሮ በሆነበት ቦታ እንኳ ሁለቱ እርስ በርስ ተጣፍተው ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ «መነጣጠል» ይበሉ። «ነጠለ» አንዱን ለብቻው ማውጣት ነው፣ «ነጣጠለ» ግን የተደባለቁትን አንዱን ካንዱ መለየት።

«ያልተወሰነ» ገና ስብሰባ የሚጠብቅ ነገር ይመስላል። «ወሰን የለሽ»ም ያሳስታል፦ ከአንድ ኳስ ውጭ ያለው ሁሉ በኳሱ በኩል ወሰን አለው፣ በሌላው በኩል ግን አያልቅም። «ማለቂያ የሌለው» ይሻላል። «ጎራ» ደግሞ ለፖለቲከኞች ይቅርላቸው፤ «ክልል» ይበቃል፣ ፌዴራሊዝም ትዝ የሚለው ካለ ይለምደዋል።

አስቸጋሪው «ክብደት» ነው። ከባዱ ስፔሱ (ማሽኑ «ቦታ» ያለው፣ ልኬታቸው ማለቂያ ያለው መስኮች ስብስብ) አይደለም፤ መስኩን ከመለካታችን በፊት በክብደት እናባዛዋለን፣ ለምሳሌ በ(1+r)^α፣ r ከመነሻው ያለው ርቀት ሲሆን። ሙሉውን ባለሦስት አውታር ቦታ እንደ ክልል ወስደን በካሬ ኢንተግራል (የመስኩን መጠን ካሬ በክልሉ ሁሉ በመደመር) ከለካን፣ α ከ-3/2 በላይና ከ3/2 በታች እስከሆነ ድረስ መነጣጠሉ ይሠራል፣ መንገዱም አንድ ብቻ ነው። ከ-3/2 ሲወርድ ግን በየቦታው እኩል ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ንፋስም ስፔሱ ውስጥ ይገባል። እሱ ደግሞ ግራዲየንትም ነው፣ ዳይቨርጀንሱም ዜሮ ነው፤ እንግዲህ የትኛው ጎን ይደርሰዋል? 3/2 ላይ ሲደርስና ሲያልፍ ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ ዋናው መስክ ከተወሰነ ርቀት በኋላ ዜሮ ቢሆን እንኳ ግራዲየንቱ አብዛኛውን ጊዜ እንደ 1/r³ ቀስ እያለ ነው የሚመነምነው፣ ክብደቱም አያስገባውም። ለዚህ ነው «ክብደት ያለው» ከማለት «በክብደት የሚለካ» የምመርጠው፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ልኬቱ ነውና።

«ተግባር»ን ወደ «ፋንክሽን» መልሱት፤ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነው። እንግዲህ ርዕስዎ፦ «ማለቂያ በሌላቸው ክልሎች ላይ፣ በክብደት በሚለኩ የፋንክሽን ስፔሶች ውስጥ፣ የቬክተር መስኮችን መነጣጠል»። ረዘመ፣ አውቃለሁ። እንግሊዝኛውም አጭር አይደለም።