የሄርኩለስ ካርድ ቀለም ለምን የለውም?

ጥያቄ፦ ከአጎቴ በወረስኩት አሮጌ አይቢኤም ኮምፒውተር ውስጥ ሄርኩለስ የተባለ የግራፊክስ ካርድ አለ። ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ቀለም ግን የለውም። ተበላሽቶ ይሆን?
(አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ካርድዎ ጤነኛ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው ሄርኩለስ የተሠራው ለባለ አንድ ቀለም ስክሪን ሲሆን 720 በ348 ነጥብ ያሳያል፤ የዘመኑ የአይቢኤም ባለ ቀለም ካርድ ሲጂኤ ግን በአራት ቀለም ሲሠራ ከ320 በ200 አያልፍም ነበር። ልዩነቱ በፊደል ላይ ይጎላል፤ ሲጂኤ ለአንድ ፊደል 8 በ8 ነጥብ ብቻ ስለሚመድብ «ጨ»ን የመሰለ ፊደል በዚያ ውስጥ መሳል ጭንቅ ነው፣ ሄርኩለስ ግን 9 በ14 ይሰጣል። ለጽሑፍ ሥራ እኔም እርሱን እመርጣለሁ። ቀለም ፍለጋ ብለው ግን ለሲጂኤ በተሠራ ስክሪን ላይ አይሰኩት፤ የሁለቱም መሰኪያ ባለ 9 እግር ስለሆነ ይገባል፣ ነገር ግን የካርዱና የስክሪኑ የምልክት ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ስለማይጣጣም ስክሪኑ ሊበላሽ ይችላል።