ጭሱ ውስጥ ማን እንዳለ የሚያውቀው ማነው?

ጥያቄ፦ የእሳት አደጋ ባልደረባችን የጥጥ መጋዘን ሲቃጠል ለማጥፋት ገብቶ ሞተብን። አለቆቻችን «ሥልጠና እንሰጣለን» ብለዋል። እኛስ ምን እንጠይቅ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከሥልጠናው በፊት ማስረጃው ይጠበቅ። የሟቹ ጭንብል፣ ልብስና የአየር ሲሊንደር ሳይታጠብ፣ የቀረው ግፊትና የቫልቩ ሁኔታ ተመዝግቦ ይታሸግ። መርማሪው በዕለቱ ትእዛዝ ከሰጠው ኃላፊ ሥር መሆን የለበትም።

ዋናው ጉዳይ የበሩ መዝገብ፣ ማለትም ማን መቼ ምን ያህል አየር ይዞ እንደገባ የሚጻፍበት ነው። ባለ 6 ሊትር ሲሊንደር በ300 ባር (የግፊት መለኪያ) ሲሞላ 1,800 ሊትር ገደማ አየር ይይዛል። 50 ባር ለመጠባበቂያ ሲተው 1,500 ይቀራል፤ በደቂቃ 40 ሊትር ለሚተነፍስ 37 ደቂቃ፣ በከባድ ሥራ 60 ለሚደርስ ግን 25 ብቻ። ስለዚህ በር ላይ የቆመ ሰው የሚገባውን ሰው ስም፣ ሰዓትና የሲሊንደሩን ግፊት ይጽፋል፣ የመውጫውን ሰዓት አስልቶ በሬዲዮ ይጠራል። ይህ ሰው ሌላ ሥራ ከተሰጠው መዝገቡ የለም ማለት ነው። ሁለት ሁለት ሆነው አብረው ገብተው አብረው ይወጣሉ፤ ሌሎች ሁለት ሰዎች ጭንብልና ሲሊንደር ለብሰው ውጭ ይጠብቃሉ።

የታመቀ ጥጥ ነበልባሉ ከጠፋ በኋላም ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጭንብል የሚወልቀው ጋዝ መለኪያው ሲፈቅድ ነው።

ሥልጠናው በአዳራሽ ንግግር ካለቀ እንዳልተሰጠ ቁጠሩት። ጭንብሉ ተሸፍኖ፣ የውሃ ቱቦውን በእጅ እየዳበሱ መውጣት፣ የወደቀ ጓደኛን መጎተት፣ የድረሱልኝ ጥሪ ማሰማት በየወሩ ይለማመዱት። አለቆችም ጭምር።