ጥያቄና መልስ፦ የኤችአይቪ ቫይረስ በደማችን እያለ የደም ሥራችንን በእንቅስቃሴ መጠበቅ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ቫይረሱ በደማቸው ከሚገኝ ሰዎች ጋር ለዓመታት ሠርቻለሁ። ስለ እንቅስቃሴና ስለ ደም ሥር የቻልኩትን እመልሳለሁ። መድኃኒት መቀየርን የሚመለከት ጥያቄ ለሐኪማችሁ ይቅረብ። ከሁሉ በፊት፦ ማንም ሰው ስፖርት ጀመርኩ ብሎ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ።

ብርሃን፦ የቫይረስ መጠኔ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ከደረሰ ቆይቷል። ታዲያ የደም ሥሬ ለምን ያሳስበኛል?

መላሽ፦ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይባዛ ያግደዋል እንጂ በሕዋሳት ውስጥ የተደበቀውን አያጠፋውም። ደግሞም ቫይረሱ ገና ከመጀመሪያው የአንጀትን መከላከያ ስለሚጎዳ የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ደም ይሾልካል። በእነዚህ ምክንያቶች የመከላከያ ሥርዓታችን ቫይረሱ በማይታይበት ጊዜም ጥቂት እንደተቆጣ ይኖራል። የዚህን ቁጣ ዋጋ ከሚከፍሉት አንዱ የደም ሥር የውስጥ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ከአንድ ሕዋስ ያልበለጠ ውፍረት ቢኖረውም ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያመርታል። ጋዙ የደም ሥሩ እንዲላላ ያደርጋል፤ ደምም እንዳይረጋ ይከላከላል። ምርቱ ሲቀንስ የደም ሥር ይደድራል፤ ስብም በግድግዳው ውስጥ መከማቸት ይቀለዋል። ቫይረሱ በደማቸው በሚገኝ ሰዎች ላይ የልብና የደም ሥር ሕመም ስጋት ከሌላው ሰው 2 እጥፍ ገደማ መሆኑ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

እንቅስቃሴ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስትራመዱ ደም በፍጥነት ይፈስሳል፤ ሲያልፍም የውስጡን ሽፋን እየታከከ ነው። ሽፋኑ ይህን መታከክ ሲያውቅ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይጨምራል። ደጋግማችሁ ስትሠሩ ደግሞ ጋዙን የሚያመርተው ኢንዛይም ራሱ ይበረክታል። ነገር ግን ጥቅሙ አይጠራቀምም፤ ለሳምንታት ካቆማችሁ እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ቀን አጥብቆ ሠርቶ ወር ከሚተኛ ሰው ይልቅ በየቀኑ የሚራመደውን አደንቃለሁ።

መንገደኛ፦ ምን ዓይነት ስፖርት ይሻላል?

መላሽ፦ ለማን? ዕድሜህን፣ የደም ግፊትህን፣ ያለብህን ሌላ ሕመም ጻፍና እንነጋገር።

የማለዳ ጮራ፦ እኔ 52 ዓመቴ ነው። የደም ግፊት አለብኝ፤ በመድኃኒት ተቆጣጥሬዋለሁ። ስፖርት ሠርቼ አላውቅም።

መላሽ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ አዋቂዎችን በስም ጠቅሶ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከዚያ ውጪ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ አለ። መካከለኛ ማለት እያወራሽ መሄድ የምትችዪበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትሽ ፍጥነት ነው። አንቺ በ10 ደቂቃ እርምጃ ጀምሪና በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሪ። ክብደት ስታነሺ ትንፋሽሽን አትያዢ፤ ግፊቱን ያስፈነጥረዋል። ደረትሽን ካመመሽ ወይም ራስሽን ልትስቺ ከደረስሽ አቁሚና ሕክምና ፈልጊ።

ብረቱ፦ እርምጃ ለሽማግሌ ነው። ክብደት የማያነሳ ሰው ስፖርት ሠራሁ አይበል።

ብርሃን፦ ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ እንዳንተ ጤነኛ ጉልበት የለውም። ለጀማሪ እርምጃ ይበቃል።

ብረቱ፦ ጉልበትን የሚያጠነክረው እኮ ክብደት ማንሳት ነው! ደግሞ በደንብ ለሚሠራ ሰው የኮሌስትሮል መድኃኒት ምን ያደርግለታል?

ብርሃን፦ በ2023 ሪፕሪቭ የተባለው ጥናት ውጤት ወጥቷል። ከ40 እስከ 75 ዓመት የሆናቸው፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ከ7,700 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበት ፒታቫስታቲን የተባለው፣ ከስታቲን ወገን የሆነ የኮሌስትሮል መድኃኒት የልብ ድንገተኛ ሕመምንና ስትሮክን የመሳሰሉትን በ35 በመቶ ቀንሷል። ታዲያ ስፖርቱ ምን ያስፈልጋል?

መላሽ፦ ሁለታችሁም አንዱን በሌላው ልትሽሩት ነው። ስታቲን እንቅስቃሴን አይተካም፤ እንቅስቃሴም ሐኪም ያዘዘውን ስታቲን አይተካም። ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ ደግሞ አደጋ ነው፦ ሲምቫስታቲን ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት ካለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር ፈጽሞ አይወሰድም፤ ጡንቻን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ብረቱ፣ ክብደት ማንሳትህ መልካም ነው፤ የሚራመደውን ግን አታሳንስብኝ።

ብረቱ፦ እሺ። ክሬቲን የተባለውን የጡንቻ ማጎልመሻና የማዕድን እንክብል እወስዳለሁ፤ ችግር አለው?

መላሽ፦ የማዕድኑ አለው። ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ከካልሲየም፣ ከብረት፣ ከማግኒዥየምና ከዚንክ ጋር ሆድ ውስጥ ስለሚጣበቅ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከእንክብሉ 2 ሰዓት ቀድመህ ወይም 6 ሰዓት ቆይተህ ውሰድ። ክሬቲን የኩላሊት ምርመራ ላይ የሚታየውን ክሬያቲኒን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ዶሉቴግራቪርም ኩላሊትን ሳይጎዳ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ሐኪምህ ሳያውቅ አትውሰድ።

መንገደኛ፦ እንግዲህ ከሁሉም የሚበልጠው ስፖርት የቱ ነው?

መላሽ፦ ዕድሜህንና ሕመምህን ጻፍ አልኩህ፤ አልጻፍክም። ከላይ ያለውን አንብብ።

ጨረቃ፦ በላብ ይተላለፋል?

መላሽ፦ አይተላለፍም።

ዝምተኛው፦ በቀን ጥቂት ሲጋራ አጨሳለሁ። ስፖርቱ ያካክሰዋል?

መላሽ፦ አያካክሰውም። ለማቆም እገዛ ጠይቅ።

ደራሽ፦ አሁን ጥሩ እየሮጥኩ ነው፤ ሲዲ4 የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳቴ ቁጥርም ከፍ ብሏል። ሰውነቴ እንዲያርፍ መድኃኒቱን ለጥቂት ወራት ባቆምስ?

መላሽ፦ በፍጹም! ይህ ተሞክሮ ታይቷል። ስማርት በተባለው ጥናት ከ5,400 በላይ ሰዎች ተሳትፈው፣ ግማሾቹ ሲዲ4 ሲጨምር መድኃኒቱን እያቆሙ ሲቀንስ እየጀመሩ ቆዩ። ውጤቱ በ2006 ታተመ፤ ባቋረጡት ዘንድ ሞት ጨመረ፣ የልብና የደም ሥር ሕመምም በዛ። መድኃኒቱ ሲቆም ያ መቆጣት ይነሣል፤ የደም መርጋት ምልክቶች በደም ውስጥ ከፍ ይላሉ። እንቅስቃሴ የቫይረሱን መጠን አይቀንስም፤ ይህን ያየነው በብዙ ጥናት ነው። በምትሮጥበት እግርህ የምትጠብቀውን የደም ሥር መድኃኒቱን በማቆም ልታጠፋው ነው ወይ? ሩጥ፤ እንክብልህን ዋጥ።

የማለዳ ጮራ፦ የደም ሥሬ መሻሻሉን በምን አውቃለሁ?

መላሽ፦ ተመራማሪዎች ክንድን ለ5 ደቂቃ አስረው ሲለቁት የደም ሥሩ ምን ያህል እንደሚሰፋ በአልትራሳውንድ ያያሉ፤ ለአንቺ ይህ አያስፈልግም። ጠዋት ከመንቀሳቀስሽ በፊት 5 ደቂቃ ተቀምጠሽ ግፊትሽንና የልብ ምትሽን ለኪ። ቁጥሮቹን በደብተር ያዢና በቀጠሮሽ ቀን ለሐኪምሽ አሳዪ፤ የግፊት መድኃኒትሽ መስተካከል ካለበት በዚያ ይወሰናል።