ለአባታችን አርባ እንበደር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አባታችን ካረፉ ወር አልፏል፤ አርባቸው እየደረሰ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሰንጋ አርዶ፣ ዳስ ጥሎ፣ ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ ለመጥራት ከአራጣ አበዳሪ ገንዘብ ሊወስድ ነው። እኔም ለልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጥሁትን እንድጨምር ተጠይቄአለሁ። እምቢ ብል አክስቶቼ «አባቷን ሜዳ ላይ ጣለች ትባያለሽ» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ አባታችን «ራበኝ» ሲሉ በሕልማቸው አይተው እንቅልፍ አጥተዋል። ቤተ ክርስቲያን የምታዝዘው የትኛውን ነው? ድግሱን ብንተወው የአባታችን ነፍስ ትጎዳለች?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር የአባትሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልሽ፤ ለእናትሽም መጽናናትን ይስጥልሽ። ቀኑ ስለቀረበ መልሱን አላዘገይብሽም። የልጆችሽን የትምህርት ገንዘብ አትንኪ፤ ወንድምሽም አይበደር። የአባትሽ አርባ ግን ይታሰብ።

ይህን የመጨረሻውን ያስቀደምሁት በምክንያት ነው። ዛሬ ዛሬ የተዝካር ወጪ ያስመረራቸው አንዳንድ ወጣቶች ከድግሱ ጋር ጸሎቱንም አብረው ሊጥሉት ይፈልጋሉ። ለሞቱት መጸለይ ከጎረቤት የተማርነው ልማድ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። ካህናቱ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት የሚጸልዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጌታችን በ3ኛው ቀን ተነሥቷል፤ ዮሴፍ ለአባቱ ለያዕቆብ 7 ቀን አልቅሷል፤ እስራኤል ሙሴን 30 ቀን አልቅሰውለታል፤ ጌታም ከትንሣኤው በኋላ በ40ኛው ቀን ዐርጓል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች የተላከውን መልእክት ሲተረጉም፣ በምሥጢራት ጊዜ ሙታን እንዲታሰቡ ያዘዙት ሐዋርያት መሆናቸውንና ትእዛዙም በከንቱ እንዳልተሰጠ ይናገራል። ጥያቄው እንግዲህ በምን ይታሰቡ የሚለው ነው።

በጸሎተ ፍትሐት፣ በቅዳሴና በምጽዋት። ሰንጋ በዚህ ውስጥ የለበትም።

ለዚህ ማስረጃ ከሩቅ አልፈልግም፤ ሕዝባችን ራሱ በየዓመቱ በሥራው ይመሰክራል። አርባው በዐቢይ ጾም ቢውል ምን ይደረጋል? በዕለቱ ፍትሐቱ ይደርሳል፣ ቅዳሴው ይቀደሳል፤ በሬው ግን እስከ ፋሲካ ይቆያል። ድግሱ ለነፍስ የግድ ቢሆን ኖሮ 55 ቀን ሙሉ ጾም እስኪፈታ እንዲጠብቅ ማን ይደፍር ነበር? ከዚህም የሚበልጥ አለ። በሰሙነ ሕማማት ቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ፍትሐት አታደርስም። በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድማ በሆሳዕና ዕለት ጸሎቱን ታደርስላቸዋለች። ከዚያ በኋላ ያረፈው ባለጠጋም ይሁን ለማኝ የሚቀበረው በዚያው ጸሎት ነው። ለእርሱ ተብሎ የተጠራ የለም፣ የታረደም የለም፤ ከጸጋው የሚጎድልበት አለ ያለ ሊቅ ግን አልሰማሁም። አክስቶችሽ ይህን ሥርዓት ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ አስታውሻቸው።

ስለ ሕልሙ። እናትሽን አትቆጪያቸው፣ አትሳቂባቸውም። ስንት ዘመን አብረው የበሉት ሰው ከገበታው ሲጎድል «ራበኝ» ሲል በሕልም ቢታይ ምን ያስደንቃል? ሐዘናቸው ነው የተናገረው። ሲራክ ከልዑል ካልተላከ በቀር በሕልም ላይ ልባችንን እንዳንጥል ይመክራል። ሙታን እንጀራ ወይም ጠላ አይራቡም። በምድር የተደገሰው ወደ እነርሱ ይወርዳል፣ ያልተደገሰላት ነፍስ በየሰፈሩ ትንከራተታለች የሚለው ወሬ ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። የትም አገር ቢሄዱ በሰው ልብ ውስጥ የሚገኝ አሮጌ ፍርሃት ነው፤ እኛ ዘንድ የክርስትና ልብስ ለበሰ እንጂ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለውን ባለጠጋ ተመልከቺው። በየቀኑ እየተመቸው ሲበላ የኖረው ያ ሰው በሲኦል ሆኖ የለመነው ለምላሱ ማቀዝቀዣ የሚሆን የውኃ ጠብታ ነው፤ ቀጥሎም በቤት ስለቀሩት 5 ወንድሞቹ ለመነ። ድግስ አልጠየቀም። በሥቃይ ያለ ሰው እንኳ ለቤተሰቡ እንዲህ ካሰበ፣ አባትሽ የልጅ ልጆቻቸው ከትምህርት ገበታ ተነሥተው ሰው ሁለት ሰዓት እንዲበላላቸው የሚሹ ይመስልሻል?

እናትሽ ግን በሕልሙ ምክንያት አንድ ነገር ማድረግ ከፈለጉ አትከልክያቸው። በአባትሽ ስም ለተራበ ሰው እንጀራ ይስጡ። ጦቢት ለልጁ ለጦብያ በምዕራፍ 4 የነገረው ይህንኑ ነው፤ ብዙ ካለህ እንደ ብዛቱ ስጥ፣ ጥቂትም ቢኖርህ ከጥቂቱ ለመስጠት አትፍራ ይለዋል። ከሌለህ ተበድረህ ስጥ አላለውም። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ስጦታ የሚወደደው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንዳልሆነ ጽፎላቸዋል። ሲራክ ደግሞ በምዕራፍ 18 በቀጥታ የወንድምሽን ጉዳይ ይነካል፦ በቦርሳህ ምንም ሳይኖር በብድር እየደገስህ ድኻ አትሁን ይላል። ይህ ቃል በየዳሱ መግቢያ ላይ ቢለጠፍ እወድ ነበር።

አራጣው የባሰ ነው። ዳዊት በእግዚአብሔር ድንኳን የሚያድረው ማን እንደሆነ ሲዘረዝር ገንዘቡን በአራጣ የማያበድረውን ይጨምራል። ታዲያ ያ አበዳሪ ከእናንተ ሐዘን የሚያተርፍበትን ገንዘብ ይዛችሁ «ለነፍሱ ይሁንለት» ስትሉ የማን ነፍስ ትጠቀማለች? አንዳንድ አገልጋዮችም እዚህ ላይ ዝም ማለታችን፣ ከዚያም አልፎ በገበታው ራስ ተቀምጠን «ደግ ልጅ ወልዶ» ብለን ማመስገናችን የሚያሳፍር ነው። ሰው የምናመሰግነውን ነገር ይደግማል።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀትሽ ልምጣ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው የወንድምሽ ፍርሃት ከሲኦል ይልቅ ከሰፈሩ እንደሆነ ይሰማኛል። «ሰው ምን ይላል» የሚለው ነገር በእኛ ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ ሆኗል፤ ከተጻፈውም ይበልጥ ይፈራል። ለምን እንዲህ እንደበረታ ግን ማስተዋል ያስፈልጋል። አባትሽ በዘመናቸው የስንቱን ተዝካር በልተዋል፤ በሰው ዳስ በልቶ በራስ ዳስ አለማብላት ብድር መካድ ይመስላል። ወንድምሽም የቤቱ ታላቅ ነው፤ የአባቱን ስም ተሸክሞ በዚያ ሰፈር ይኖራል፣ ልጆች ይድራል፣ ዳኛ ሽማግሌ ይሆናል። ለእርሱ ድግሱ ከእነዚያ ሁሉ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ «አጉል ባህል ነው» ብለሽ ብታጣጥይበት አይሰማሽም፤ እኔም ብሆን አልሰማሽም። በገጠር የእርሻ በሬውን ለተዝካር አርዶ በክረምት ጥማድ የሚለምን ገበሬ ሞኝ ሆኖ አይደለም። በሬው ቢቀር የሚያጣው ጎረቤት ከበሬው ይበልጥበታል ብሎ ስለሚያምን ነው። ችግሩም ከዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ስለሚያምን ማንም ቀድሞ ማቆም አይችልም። ድኻው ባለጠጋውን ሊመስል ይበደራል፤ ባለጠጋው ከድኻው ሊለይ ይጨምራል።

ይህ ጣጣ በእኛ አልተጀመረም። በ4ኛው መቶ ዘመን በሰማዕታት መቃብር ላይ ምግብና ወይን ይዞ መሄድ በብዙ አገር የተለመደ ነበር። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ ነገሩ ወደ ስካር ስላዘነበለ ከለከለ። ኋላ ጳጳስና ታላቅ መምህር የሆነው የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ ከሰሜን አፍሪካ መጥታ እንደ አገሯ ልማድ መሶቧን ይዛ ብትሄድ ዘበኛው መለሳት። ጳጳሱ መከልከሉን በሰማች ጊዜ ሳትከራከር ልማዷን ተወች፤ ለድኾች የምትችለውን እየሰጠች ወደ መቃብሩ ጸሎት ይዛ መሄድ ጀመረች። እርሷው ራሷ በ387 እ.ኤ.አ. በኦስትያ ልትሞት ስትል ሥጋዋን የትም እንዲቀብሩት፣ ብቻ በጌታ መሠዊያ ፊት እንዲያስቧት ለልጆቿ ተናገረች። እናትሽ ይህችን ሴት ቢያውቋት ይወዷት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ድግስ ሁሉ ይቅር ማለቴ ግን አይደለም፤ በዚህ ከአንዳንድ ወንድሞቼ ጋር እለያያለሁ። ሐዘንተኛን ብቻውን አለመተው፣ አንድ ላይ መብላት፣ የተጣላን በዚያ ቀን ማስታረቅ ትልቅ ነገር ነው። የተረፈው ያለው ሰው ያብላ። ጥያቄዬ ማን ተቀመጠ የሚለው ነው። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ምሳ ስታደርግ ወዳጆችህን፣ ዘመዶችህንና ባለጠጎች ጎረቤቶችህን አትጥራ፤ ድኾችን፣ ጉንድሾችን፣ አንካሶችንና ዕውሮችን ጥራ፣ የሚከፍሉህ የላቸውምና በጻድቃን ትንሣኤ ይከፈልሃል ይላል። አሁን ወዳየናቸው ዳሶች ተመለሺ። ከዳሱ ራስ ጀምሮ በማዕረግ የተቀመጡት ነገ መልሰው የሚጠሩን ናቸው። ነዳያኑ ከአጥር ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመው ትራፊ ይጠብቃሉ፤ ሲገፉም አይተናል። ጌታ ያዘዘውን ገበታ ከላይ እስከ ታች ገልብጠን «ምጽዋት ነው» እንላለን። ቅዱስ ጳውሎስ አንዱ ሲራብ ሌላው የሚሰክርበትን የቆሮንቶስን ማዕድ ምን እንዳለው በመጀመሪያይቱ መልእክት ምዕራፍ 11 አንብቢ፤ ለዘብ ያለ ቃል አልተጠቀመም።

እዚህ ላይ፣ አንቺ ባትጠይቂውም፣ ስለ ቁም ተዝካር በየጊዜው ስለምጠየቅ አንድ ቃል ልጨምር። ልጅ የሌለው ወይም ወራሹን የማያምን ሰው በሕይወቱ ሳለ ለነፍሱ ቢያበላ አልነቅፈውም። እንዲያውም በገዛ እጁ መስጠቱ ይሻላል። እዚያም ቢሆን የሚበላው ማን እንደሆነ ይታይ።

ስለ ልጆችሽ ገንዘብ ደግሞ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ይበቃሻል። ሰዎች ለወላጆቻቸው ሊሰጡት የሚገባውን «ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል» እያሉ አባትና እናታቸውን ሲያስርቡ ጌታ በወጋችሁ የእግዚአብሔርን ቃል ትሽራላችሁ አላቸው። እነዚያ በእግዚአብሔር ስም ወላጅን ነፈጉ፤ አንቺ ደግሞ በአባት ስም ልጅን እንድትነፍጊ እየተጠየቅሽ ነው። ሁለቱም አንድ ፍርድ ያገኛቸዋል።

ከዚህ በኋላ ሥራ ነው የሚቀረው። ወንድምሽን በሰው ፊት አትግጠሚው፤ ታላቅ ነው፣ በሰው ፊት ከተሸነፈ ይደግሳል። አስቀድመሽ እናትሽን ይዘሽ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂጂ። የማይበደር ተዝካር ይሁን የሚለውን ቃል እርሳቸው በቤታችሁ መጥተው ቢናገሩ ወንድምሽ ለሰፈሩ የሚመልሰው ያገኛል፤ «የንስሐ አባታችን ከለከሉን» ማለት «ገንዘብ አጣን» ከማለት ይቀልለዋል። እንዲህ ያለውን መውጫ ማዘጋጀት ማታለል አይደለም፣ የካህኑ ሥራ ነው። የእድራችሁንም ዳኛ አነጋግሩ። የለቅሶ መስተንግዶን በመተዳደሪያ ደንባቸው የሚወስኑ እድሮች አሉ፤ የእናንተም ባያደርገው አንድ ቤት ሲጀምር ሌላው ይከተላል፤ አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ሰው እየጠበቀ ነው።

በአርባው ዋዜማ የአባትሽን የክርስትና ስም ለደብሩ ካህናት ስጡ። ዕጣንና ጧፍ፣ ለመሥዋዕቱም ዘቢብ አቅማችሁ በፈቀደ ውሰዱ፤ ባይኖራችሁም ስማቸው ከጸሎቱ አይቀርም። ፍትሐቱ ሲደርስ ወንድምሽም አክስቶችሽም ይገኙ፤ ከዳስ ይልቅ እዚያ መቆም ለአባታችሁ ይበጃል። የምትችሉ ንስሐ ገብታችሁ ብትቆርቡበት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ከቅዳሴ በኋላ ቤት ያፈራውን እንጀራና ወጥ ለነዳያን አቅርቡ፤ ቀኑ ጾም ከሆነ ወጡ የጾም ይሁን። በደጀ ሰላም ማብላት ቢያስቸግራችሁ ወደ ቤት ጥሯቸው፤ ቁጥራቸው ጥቂት ይሁን፣ ግን ከእናንተ ጋር በአንድ ገበታ ይቀመጡ። ዘመድ ቢመጣ አብሮ ይብላ፤ የሚከፋው ካለ ይከፋው።

ወንድምሽ ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሎ ከሆነ ግን ሳይነካው ቶሎ ይመልሰው። የሚከፈል ነገር ካለ፣ ያን ለመክፈል ከልጆችሽ ድርሻ ውጭ የምትችዪውን አግዢው። «አልኩህ አይደል» እንዳትዪው። ሰማንያውና ሙት ዓመቱ ገና አሉ፤ በዚያም ጊዜ ተስማምታችሁ መቆም ያስፈልጋችኋል።