የቤት ጥያቄዎቻችሁ፦ ልስኑን ላንሳው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሳሎኔን «ኢንዱስትሪያል» በሚሉት የፋብሪካ መልክ ላሳምር ብዬ የአንዱን ግድግዳ ልስን አንስቼ ብሎኬቱን ገላጣ ልተወው አሰብኩ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ መዶሻውን ይመልሱት። ይህ ስልት የተወለደው ኒውዮርክ ሶሆ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ሠዓሊዎች ባዶ በቀሩ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ሲገቡ ጡቡም የብረት ምሰሶውም እዚያው ነበር፣ ለጌጥ ብሎ የገለጠው የለም። የእርስዎ ብሎኬት ግን የተደረደረው ሊለሰን ነው። ቢገልጡት የሚያገኙት የተዛነፈ መጋጠሚያ፣ የደረቀ የሲሚንቶ ንጥብጣቢ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ሊቀበርበት ተፈልፍሎ የተደፈነ ቦይ ነው። የጎረቤት ድምፅም ይጨምራል።

መልኩን በስስ የሲሚንቶ ልባስ ያገኙታል። ቀለሙንና ስቱኮውን እስከ ልስኑ ድረስ ይፋቁ፤ ቀለም ላይ የተቀባ ሲሚንቶ ውሎ አድሮ እንደ ቅርፊት ይነሳል። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ በወንፊት የተነፋ ደቃቅ አሸዋ አንድ ተኩል እጅ፣ ውሃው ላይ ደግሞ ከቀለም ቤት የሚሸጥ የሲሚንቶ ማያያዣ በጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ። ግድግዳውን አርጥበው በብረት ማለስለሻ ሁለት ጊዜ ይለብሱት፣ እያንዳንዱ ከ2 ሚሊሜትር ሳይበልጥ፣ ሁለተኛው በማግስቱ። ከተሰነጣጠቀ ሲሚንቶው በዝቷል፣ አለዚያም ፀሐይና ነፋስ ቶሎ አድርቆታል፤ ስለዚህ መስኮት ዘግተው 3 ቀን ጠዋት ማታ ውሃ በስሱ ይርጩበት። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሲሞላው የማያብረቀርቅ ማሸጊያ ይቀቡ፤ ያለ እሱ ዱቄት ይለቃል፣ የወጥ እጅ ከነካውም አይለቅም። አንድ ግድግዳ ይበቃል። አራቱም ከሆኑ ያላለቀ ቤት ይመስላል፣ እሱ ደግሞ በየሰፈሩ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ በያጅ የሠራልን የቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) መደርደሪያ ቀለሙ እየተላጠ፣ ራሱም ከግድግዳው እየተነቀለ ነው።

መልስ፦ አዲስ ቱቦላሬ ዘይት ስላለበት ቀለም አይዝም። የተላጠውን ፍቀው በቲነር ይወልውሉ፣ የብየዳውን ቅርፊት ቀጥቅጠው ያራግፉ፣ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይሹ፣ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) አንድ ጊዜ፣ ከዚያ የማያብረቀርቅ ጥቁር ሁለት ጊዜ በስሱ።

መነቀሉ የብሎኬቱ ጉዳይ ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ የፊቱ ውፍረት ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ የፕላስቲክ ፊሸር (ብሎን መያዣ) ባዶው ውስጥ ይሽከረከራል። እግር አስበይደው ክብደቱን ወለሉ ይሸከመው፣ ግድግዳው ላይ የሚታሰረው እንዳይወድቅ ላዩን ብቻ ነው፤ ከተቻለም ኮንክሪት ኮለን (ምሰሶ) ላይ። 30 በ30 ሚሊሜትር በሆነ፣ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ቱቦላሬ እግሮቹን በየ80 ሴንቲሜትር ያድርጓቸው። ለመደርደሪያው ያገለገለ የፎርምወርክ (የኮንክሪት ቅርጽ ማውጫ) ጣውላ ያምራል፣ ግን ሚስማሩን ሳይነቅሉና ሲሚንቶውን ሳይፍቁ ወደ አናጢ አይውሰዱት፤ የማሽኑ ምላጭ ይሰበራል።

ጥቁር ብረትና ግራጫ ግድግዳ ብርሃን ይውጣሉ፤ አምፖሉ 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሆነ ሞቃት፣ ቢጫ ያዘለ ብርሃን ይሁን። ሽቦውን በሚታይ የብረት ቱቦ ካሳለፉት ቱቦው ራሱ ከኧርዝ (የመሬት መስመር) ጋር መታሰር አለበት።