ለሁሉም የሚሆን አደባባይ በደሴና በኮምቦልቻ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም የደሴም የኮምቦልቻም ልጆች! ሥራዬ የውጭ ቦታ ንድፍ ነው፤ ውሎዬም ከጠራቢና ከግንበኛ ጋር ነው። በከተሞቻችን ስለ አደባባይና ስለ መናፈሻ ወሬው ስለበዛ «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎርፏል፤ የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በዊልቸር ነው የምንቀሳቀሰው። «የተፈጥሮ ድንጋይ» ሲባል ገና ወገቤን ያመኛል። ለምን ሁሉንም በሲሚንቶ ለስልስ አታደርጉትም?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ቅሬታህ ልክ ነው። ጥፋቱ ግን የድንጋዩ ሳይሆን የአጠራረቡና የአነጣጠፉ ነው። ኮብልስቶን በመዶሻ ተፈልጦ ስለሚወጣ አናቱ ጉብ ጉብ ይላል፣ በመሀሉም ሰፊ ክፍተት ይቀራል። የዊልቸሩ ትንንሽ የፊት ጎማዎች እዚያ ክፍተት ውስጥ እየገቡ ነው ወገብህን የሚነርቱህ።

ለዚህ ደግሞ አደባባዩን በሙሉ መቀየር አያስፈልግም። ከመግቢያው እስከ መቀመጫው፣ እስከ ሽንት ቤቱና እስከ ታክሲ መያዣው የሚወስድ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው መንገድ በማሽን በተቆረጠ ሰፋፊ ድንጋይ ይነጠፍ። የቀረው ኮብል ቢሆን አይጎዳህም። በማሽን የተቆረጠ ድንጋይ ጎኑ ቀጥ ስለሚል መጋጠሚያው ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ይሆናል። የላዩ ገጽ ግን እንደ መስታወት መለስለስ የለበትም፤ ክረምት ላይ ሰው ይጥላል። ጠራቢው በፑንታ (ጫፉ በሾለ መሮ) ነካ ነካ አድርጎ ሻከር ያድርገው።

ሥራውን ለምትረከቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሁለት ሜትር ስታጃ (ቀጥ ያለ የግንበኛ ማስተካከያ ዘንግ) አምጡና ንጣፉ ላይ አጋድሙት። በሥሩ ጣት ከገባ «ይነሳና እንደገና ይነጠፍ» በሉ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ደሴ ከጦሳ ሥር ያለች ዳገት ናት። ራምፕ የት ተገኝቶ?

መልስ፦ ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ፣ በብዙ አገር የሚሠራበት ልኬት 1 ለ12 ነው፤ አንድ ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር መንገድ ማለት ነው። ሦስት ሜትር ከፍታ ካለህ 36 ሜትር ያስፈልግሃል። በየ9 ሜትሩ አንድ ሜትር ተኩል ማረፊያ ሲጨመርበት ከ40 ሜትር ያልፋል። 1 ለ20 ከተቻለማ የበለጠ ነው፤ በ1 ለ12 ራሱን እየገፋ የሚወጣ ሰው ክንዱ ይዝላል።

ችግሩ የሚመጣው ደረጃው አልቆ ራምፕ በመጨረሻ ሲታሰብ ነው። ያኔ ጥግ ላይ ቀጥ ያለ ነገር ይለጠፋል፤ ለዊልቸር ቀርቶ ለጋሪም አይሆንም። መጀመሪያ የራምፑን መስመር በወረቀት ላይ አስምሩ፤ ደረጃው ከእሱ ቀጥሎ ይምጣ። የወሎ ገበሬ ዳገቱን በእርከን ሲያርስ የኖረ ነው። አደባባዩም በእርከን ቢሠራ ራምፑ የእርከኑን ግንብ ተከትሎ ይዞራል፣ ግንቡ ደግሞ መቀመጫ ይሆናል። የኮንሶን ሞራዎች ያየ ይህን ያውቃል፤ በድንጋይ እርከን የተከበቡ የሕዝብ መሰብሰቢያዎች ናቸው። ለእኛ የሚቀርብ ካስፈለገ በከሚሴ በኩል ተራራ ላይ ያለችውን የአርጎባ መንደር ሾንኬን እዩ። ድንጋይ በዳገት ላይ እንዴት እንደሚቆም ቤቶቿ ያሳያሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ሰፊ ሜዳ ውስጥ አቅጣጫዬ ይጠፋብኛል።

መልስ፦ ባዶ ሰፊ ሜዳ ለነጭ በትር ባሕር ነው፤ በትሩ የሚከተለው ጠርዝ ይፈልጋል። ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ የፈጠረው፣ ጉብታ ያለው ንጣፍ እ.ኤ.አ. በ1967 ኦካያማ ከተማ ላይ ተተክሎ ከዚያ ዓለምን አዳርሷል። የግድ ቢጫ ፕላስቲክ መሆን የለበትም። የእኛ ጠራቢ ድንጋዩ ላይ ረጃጅም መስመር ቢፈለፍል «በዚህ ሂድ» ይላል፤ ክብ ክብ ጉብታ ቢያወጣ «ቁም፣ ደረጃ ወይም መኪና መንገድ አለ» ይላል። ጥቂት ለሚያዩ ሰዎች ደግሞ ከጥቁር ድንጋይ ጎን ነጣ ያለ ድንጋይ ይደርደር። እባካችሁ ግን መስመሩ ላይ የመብራት ምሰሶ አትትከሉ!

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጉልበቴ ደከመ። የድንጋይ መቀመጫ ላይ ከተቀመጥሁ ሰው ካልሳበኝ አልነሳም።

መልስ፦ እናቴ፣ እድሜ ይስጥዎት። መቀመጫው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። መደገፊያና ለመነሳት የሚይዙት ክንድ ያስፈልገዋል። በደሴ ብርድ ደግሞ ባዶ ድንጋይ ላይ መቀመጥ አይገባዎትም፤ እግሩ ድንጋይ፣ መቀመጫው ሳንቃ ይሁን። ሳንቃው አፈር ካልነካ ምስጥም ቶሎ አያገኘውም። ከጎኑ ወደ አንድ ሜትር ባዶ ቦታ ይተው፣ ዊልቸር ያለው ወዳጅዎ አጠገብዎ እንዲሆን።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ላይም ያው ንድፍ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናቸው። ደሴ ላይ ሰው ፀሐይ ይፈልጋል፤ መቀመጫው ከነፋስ ተጋርዶ የጠዋት ፀሐይ ያግኝ። ኮምቦልቻ ላይ ከሁሉ በፊት ጥላ ነው። ዋርካ ወይም ዋንዛ ትከሉ፤ በግንዱ ዙሪያ ግን ሰፊ አፈር ተዉለት፣ አለዚያ የዋርካ ሥር ንጣፉን ይገለብጠዋል።

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር የተነጠፈው በዓመቱ ተንሸዋረረ። ለምን?

መልስ፦ ሥሩ መረሬ ነው? ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ተቆፍሮ ይውጣና በምትኩ ገረጋንቲ በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ ይሙላ። ውሃ መውረጃም ካልታሰበ ምንም ድንጋይ አይቆምም። የቦዩ ክዳን ቀዳዳ ጠባብ ይሁን፤ የበትር ጫፍና የዊልቸር ጎማ እንዳይገባበት።

ጥያቄ፦ ሕግ ያስገድዳል?

መልስ፦ አዎ፣ መሠረት አለው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ነው። ለከተማው ስታመለክቱ እሱን ጥቀሱ።

ጥያቄ፦ ጀበና ቡና የምሸጥ ነኝ። አደባባይ ሲያምር መጀመሪያ የምንባረረው እኛ ነን።

መልስ፦ እህቴ፣ ሰው የሚቀመጠው እናንተ ስላላችሁ ነው። ሴቶች ማታ በአደባባዩ ሳይፈሩ የሚያልፉትም ቡና የሚያፈላ ሰውና መብራት ሲኖር ነው። ለጀበና ቡናና ለሊስትሮ ከመተላለፊያው ወጣ ያለ፣ ጥላና ውሃ ያለው ቦታ በንድፉ ላይ ይሰየም። ቦታ ከሌላችሁ በግድ መንገዱ ላይ ትቀመጣላችሁ፤ ያኔ ዓይነ ስውሩ ምጣዳችሁ ላይ ይወድቃል። ሁለታችሁም ተጎዳችሁ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ለውሃ መስመር ተቆፍሮ ሲፈርስ ማን ይመልሰዋል?

መልስ፦ በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ድንጋይ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ይነሳል፣ ይመለሳል። ሲሚንቶ ግን ተሰብሮ ይጣላል። ከዚያው ካባ (ድንጋይ ማውጫ) የወጣ ትርፍ ድንጋይ አብሮ እንዲረከብ ውሉ ላይ አስገቡ። የሚነሳውም ከመነሳቱ በፊት ጀርባው ላይ በቀለም ቁጥር ይጻፍበት።